የሉላ እናት በሚለው ቦታ

«ወልደሻት ነው ወይስ ተቀብለሽ ያሳደግሻት?»

ኤልሳ ይህን ስትጠይቀኝ ሉላ ጭኔ ላይ ተቀምጣ የነጠላዬን ጫፍ በጣቷ ታጠነጥን ነበር። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ማንም ያልጠየቀኝን ነገር፣ ለዚያውም እሷው እየሰማች፣ በየትኛው አፌ ልመልሰው? የኤልሳን እጅ አየሁ። ጣቷ ታብሌቱ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ታብሌት የሚባለው ነገር ሱዳን ያለው የስደተኞች ካምፓችን ቱነይድባ የገባው ያን ሰሞን ነው። ክሊኒካችን መድኃኒት ካለቀበት ቆይቶ ነበር። መድኃኒት የሚያድለው ሰውዬ ደግሞ ኪኒኑን ሁሉ «ታብሌት» ነው የሚለው። «ታብሌት የለም፤ ታብሌት ሲመጣ ኑ» እያለ ይመልሰናል። ታዲያ አንድ ማለዳ «ታብሌት መጣ» የሚል ወሬ በካምፑ ሲናኝ፣ ስኳር ያለበት፣ ደም ብዛት ያለበት፣ ልጁን ያዘለ ሁሉ በዚያ ጥቁር ጭቃ እየተንሸራተተ ክሊኒኩ በር ላይ ተኮለኮለ። ዘበኛው ከማሉ እጁን ዘርግቶ ይጮሃል።

«ኧረ ቀስ! የሚዋጥ አይደለም!»

«ታዲያ የሚቀባ ነው?» አለችው በሩ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ራሒማ።

«የሚጻፍበት ነው። የወረቀት ካርድ ቀርቷል። ስማችሁም በሽታችሁም እዚህ ውስጥ ይገባል።»

«በሽታውማ እኛም ውስጥ ገብቷል። እኛ የፈለግነው ማስወጫውን ነበር።»

ሰዉ ሳቀ፤ እየተራገመም ተበተነ። እኔ ግን አልተራገምኩም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ሉላ ስትሮጥ ከንፈሯ ይጠቁራል። ገዳሪፍ ከተማ ወስጃት ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ ብሎኛል። እሱ የጻፈልኝን ወረቀት ግን የክረምቱ ዝናብ በድንኳኑ ገብቶ አራሰው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሐኪም በመጣ ቁጥር «ልጅቷ ምን ሆነች?» ብሎ ከሀ ይጀምራል፤ እኔም ከሀ እነግረዋለሁ፤ እሱ ጽፎ ሳይጨርስ ሌላ ይመጣል። ኤልሳ «እዚህ አንዴ የገባ አይጠፋም» ስትለኝ ሰማይ የተከፈተልኝ መሰለኝ።

ኤልሳ የክሊኒኩ መዝጋቢ ናት። የጎንደር ልጅ ናት፤ ዐረብኛውንም እንግሊዝኛውንም ትችላለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ራኩባ፣ በዚያ የሣር ዳስ ሥር፣ እኛን ሴቶቹን ፊደል ታስተምረናለች። ስሜን እንድጽፍ ያበቃችኝ እሷ ናት። እኔ እሷን እንደ እህቴ ነበር የማያት።

ስለዚህ ሉላን «ሂጂ፣ ራሒማ ዘንድ ውሃ ጠጥተሽ ነይ» ብዬ አስወጣኋትና ለኤልሳ ነገርኳት። ታናሽ እህቴ ሑመራ ላይ ወልዳ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ሞተች። በእርግዝናዋ ጊዜም ትንፋሽ ያጥራት፣ እግሯ ያብጥ ነበር። ልጅቷን እኔ በፍየል ወተት አሳደግኋት። ተከዜን ተሻግረን ሱዳን ስንመዘገብ «ይህችስ?» አሉኝ። «ልጄ ናት» አልኩ። እኛ ቤት የእህት ልጅ ልጅ ነው። ሌላ ስም የለውም።

«ታብሌቱ ለምንድን ነው ይህን የሚጠይቀው?» አልኳት።

«እኔ አይደለሁም የምጠይቀው፤ ሐኪሙ ነው። የወለደቻት የልብ ሕመም ከነበረባት ማወቅ አለበት። እውነቱን ካላወቀ ሕክምናው ይሳሳታል።»

«ማን ያየዋል?»

«ከእኔና ከሐኪሙ አያልፍም፣ እትዬ ሙሉ። ምን ነካሽ? ታምኚኝ የለም እንዴ?»

አመንኳት። ታብሌቱን ወደ እኔ አዞረችው። አውራ ጣቴን ሳወጣ ሳቀችብኝ።

«አሻራ ልትይ? ምን ቆርጦሽ! ያስተማርኩሽ ለመቼ ነው? ስምሽን ጻፊ።»

የታብሌቱ መስተዋት ላይ በጣቴ ሙሉነሽ ብዬ ጻፍኩ። «ነ» ትንሽ ተጣመመችብኝ። ኤልሳ አጨበጨበች። ከስሜ በላይ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ የተጻፈ ረጅም ነገር ነበር። «ይህስ ምንድን ነው የሚለው?» አልኳት።

«የተለመደ ነው። ልጄን አክሙልኝ፣ ፈቅጃለሁ ነው የሚለው።»

እውነትም መሣሪያው ሠራ። ወረቀቱ በዓመት ያልሠራውን በአጭር ጊዜ ሠራው። የሉላ ልብ ሥዕል ከገዳሪፍ ተላከ፤ ሩቅ አገር ያሉ ሐኪሞች አዩት፤ ልጅቷ በአውሮፕላን ሄዳ ትታከም አሉ። ከእናቷ ጋር። ራሒማ እልል ብላ ሻዩን በነፃ አጠጣች። «ወላሂ ሙሉነሽ፣ አንቺ ደግሞ አውሮፕላን ላይ ጫማሽን እንዳታወልቂ!» አለችኝ። ጫማዬን አጠብኩ። የሉላን ፀጉር ሠራሁ።

ከዚያ የስደተኞች ቢሮ ተጠራን። ኢሀብ የሚባል ሱዳናዊ ሹም ነው የጠራን። አስተርጓሚው አልደረሰም ነበር፤ ኢሀብም ከጎኑ ላለችው ሴት ከኮምፒውተሩ እያነበበ በዐረብኛ ይነግራታል። ሉላ ዐረብኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት ለምዳዋለች። ገበያም ክሊኒክም ስንሄድ የምታስተረጉምልኝ እሷ ናት። እንደ ልማዷ እያዳመጠች ወደ እኔ ዞር ትላለች።

«ስሜን ነው የሚያነበው» አለችኝ። «ሉላ… ስድስት ዓመት… ልብ…» ፈገግ ብላለች። ከዚያ ሰውዬው «ኡምሃ መይታ» አለ።

ሉላ ቀስ ብላ፣ ቃሉን የተሳሳተች መስሏት እኔኑ እየጠየቀች፣ «እማ፣ እናቷ ሞታለች ይላል» አለችኝ።

ኢሀብ ደነገጠ። ልጅቷ ቋንቋውን ታውቃለች ብሎ አላሰበም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበሩን ስቦ ቀረበ፤ አስተርጓሚው ሲመጣም ረጋ ብሎ አስረዳኝ። የክሊኒኩና የስደተኞች መዝገብ ተያይዟል። በአንዱ እናት እኔ ነኝ፤ በሌላው እናቷ የሞተች ልጅ ናት።

«ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ አንቺ ልጅቷን እንዳሳደግሻት አልጠራጠርም» አለኝ። «ግን ወላጅ ካልሆንሽ የአሳዳጊነት ውሳኔ ከፍርድ ቤት ያስፈልጋል። እሱ ጊዜ ይወስዳል። የሕክምናው ቦታ ደግሞ አይጠብቅም፤ ሐኪሞቹም ልቧ አይጠብቅም ብለዋል። አብሯት የሚሄድ ሰው እንመድባለን። ትሂድ ወይስ ትቅር? አንቺ ንገሪኝ።»

ሉላን አየኋት። ከበሩ እስከ ወንበሩ መጥታ ብቻ ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ትሂድ» አልኩ።

ወደ ድንኳናችን ስንመለስ ውሃ መቅጃው ጋ ስንደርስ ሉላ ቆመች።

«አንቺ ማን ነሽ ታዲያ?»

«እናትሽ።»

«ሰውዬው ሞታለች አለ እኮ።»

«የወለደችሽ እህቴ ናት። እሷ ሞታለች። እኔ አለሁ።»

«ሁለት ናችሁ?»

«ሁለት ነን።»

አሰበችበት። «መጀመሪያ ለምን አልነገርሽኝም?» አላለችኝም። «ለሰውዬው ማን ነገረው?» ነው ያለችኝ።

ኤልሳ ቤት ሄድኩ። ስታየኝ ገባት። ተቀመጪም አላለችኝ።

«ከእኔና ከሐኪሙ አያልፍም አላልሽኝም?»

«እትዬ ሙሉ፣ እኔ አይደለሁም የላክሁት። ሲስተሙ ራሱ ነው የሚያያይዘው።»

«እንደሚያያይዝ ታውቂ ነበር?»

መሬት መሬት አየች። «ሥልጠናው ላይ ነግረውናል።»

«የፈረምኩትስ? አክሙልኝ ብቻ ነበር የሚለው?»

«መረጃዬ ለሌሎች ቢሮዎችም ይሰጥ፣ ፈቅጃለሁ ይላል። ያን ሁሉ ለሰው ባነብ ማን ይፈርማል? አለቆቻችን በየቀኑ የፈረመው ሰው ለምን አነሰ ይሉናል። ሁሉም ቤት እንዲሁ ነው የሚያስፈርሙት። አንቺን ለይቼ አይደለም።»

«እኔንማ ለይተሽ ነው» አልኳት። «እኔን ስሜን እንድጽፍ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ያን ጊዜ እንባዋ ራሱ ውሸት መሰለኝ። አሁን ውሸት አይመስለኝም፤ ግን ምን ያደርግልኛል?

አብሯት የሚሄደው ሰው ማን እንደሆነ የሰማሁት ከራሒማ ነው። ዐረብኛና እንግሊዝኛ የምትችል፣ ልጅቷ የምታውቃት፣ ክሊኒኩ የሚያምናት ሴት ተፈልጋ ኤልሳ ተመርጣለች። እንደገና ሄድኩባት።

«እምቢ በይ» አልኳት። «ለእኔ ስትዪ እምቢ በይ።»

«እኔ እምቢ ብል አንቺን አይልኩሽም፣ እትዬ። የማታውቃት ሴት ናት የምትሄደው። ሌሊት ስትባንን አማርኛ በማታውቅ ሴት እጅ እንድትወድቅ ነው የምትፈልጊው?»

ትክክል ነበረች፤ ትክክል መሆኗ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አቃጠለኝ። ሉላ ሌሊት ስትተነፍስ ጎኗ እንዴት እንደሚሆን፣ በየትኛው ጎኗ ሲያስተኟት እንደሚሻላት ነገርኳት። ያንንም ታብሌቱ ላይ ጻፈችው።

በነጋታው ራሒማ ከሻይ ቤቷ ጠራችኝ። ከኋላዋ የሽቦ አልጋ ቆሟል። አወቅሁት፤ የፊደል ትምህርቱ የቀረብን ዕለት ቤቷ ሄደን የተቀመጥንበት የኤልሳ አልጋ ነው።

«ሸጠችልኝ» አለችኝ። «ድስቷንም፣ ምድጃዋንም። የሕክምናው ጊዜ አጭር ነው አላሉም? እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ሊመለስ የሚሄድ ሰው አልጋውን ይሸጣል?»

«ዝም በይ ራሒማ።»

«ዝም ብያለሁ። አልጋው ነው የሚናገረው።»

የሄዱ ዕለት ነጩ መኪና ክሊኒኩ በር ላይ ቆመ። ኢሀብም መጥቷል። ኤልሳ አዲስ ቦርሳ ይዛ ቀድማ ገባች፤ ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት አዞረች። ሉላን አቅፌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። ጆሮዬን ስባ አንሾካሾከችልኝ።

«እማ ብዬ ልጥራሽ ወይስ ሰውዬው ይሰማል?»

«ጥሪኝ። ጮክ ብለሽ ጥሪኝ።»

ሰውዬውን አየችው። ከዚያ አፏን ገጥማ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አልጠራችኝም። በሩ ተዘጋ። መኪናው በገዳሪፍ መንገድ ወጣ።

ሉላ ታከመች፤ ልቧ ተሰፋ፤ ከንፈሯ አሁን እንደ ሰው ከንፈር ነው ብለው በስልክ ፎቶ አሳይተውኛል። ፎቶው ላይ ኤልሳ አጠገቧ ተቀምጣለች። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ገና አልታየም። ሁለቱ ሄዱ፤ እስካሁን አልተመለሱም፤ እኔ ቱነይድባ ቀረሁ።