ነባር ጉድጓዶችን በሚመለከት

1.

ሦስት ይውጣ፤ አንድ ነጥብ አምስት ይግባ።

በቃ፣ የስብሰባው ሥራ ይኸው ነበር። የፌዴራሉ ደረጃ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከአንድ ነጥብ አምስት ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ አይፈቅድም። የክልሉ መመሪያ ግን እስከ ሦስት ድረስ እሺ ሲል ኖሯል። ሁለቱን ማጣጣም ነው፤ አንዱን ሰርዞ ሌላውን መጻፍ። ታዲያ ለዚህ ሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ ምን አስቀመጣቸው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ አበል የሚባል ነገር አለ።

2.

ማንአህሎሽ የክልሉ ውሃ ቢሮ የሕግ ባለሙያ ናት። ስብሰባው የተጠራው ደግሞ ተወልዳ ባደገችበት በሸንተሬ ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች፣ ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ የምትጠጣ ከተማ። የሸንተሬ ልጅ የትም ቢሄድ በጥርሱ ይታወቃል። ቡናማ ነው፤ የፍሎራይዱ ሥራ። "እስቲ ሳቅ፣ አገርህን ልንገርህ" እየተባባሉ ሠርግ ላይ ሳይቀር ይቀላለዱበታል። ማንአህሎሽም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

3.

"ኅብረተሰቡ ውሃውን በደንብ አፍልቶ እንዲጠጣ ይመከራል።"

ይህች ዓረፍተ ነገር ከየትኛው መመሪያ ተገልብጣ ረቂቁ ውስጥ እንደገባች ማንም አያስታውስም። ውሃ የሚል ቃል ካለ እሷም አለች። የተቃወመ የለም፤ ማፍላት ማንን ጎድቶ ያውቃል?

3 (እንደተሻሻለ).

ከፌዴራል የመጡት ኬሚስት፣ ዶክተር ፈለቀች፣ እጃቸውን አወጡ።

"ይቅርታ፣ ይቺ ትውጣ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አይነካም። ውሃው ተንኖ ሲያንስ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል። ባፈላችሁት ቁጥር እየባሰበት ነው የሚሄደው።"

"ወይ ጉድ! እኛ እኮ ዕድሜ ልካችንን ስናፈላ ነው የኖርነው" አለ አንዱ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ማንአህሎሽ

ክው

አለች። ስልኳን ይዛ ወጣች።

4. የስልክ ንግግር

(የውብዳር የማንአህሎሽ ታናሽ እህት ናት፤ ቤቷ ከሆቴሉ ጀርባ ነው። ልጇ መክሊት አምስት ዓመቷ ነው።)

ማንአህሎሽ፦ የውቢ፣ ለመክሊት ውሃ ታፈያለሽ እንዴ?

የውብዳር፦ ምን ማለትሽ ነው እትዬ! ሳላፈላማ አላጠጣትም። ግማሽ እስኪሆን ነው የማንተከትከው።

ማንአህሎሽ፦ ግማሽ?

የውብዳር፦ አዎ። እግሯን ካመማት ወዲህማ ሁለቴ ነው የማፈላላት።

ማንአህሎሽ፦ እግሯን ምን ሆነች?

የውብዳር፦ አልነገርኩሽም? ጉልበቷ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ስትሮጥ ይጋጭባታል። ልጆቹ ሲስቁባት እኔ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

(ማንአህሎሽ ስልኩን ዘግታ ወደ አዳራሹ ተመለሰች።)

5.

እዚህ ላይ የመክሊትን እግር ልገልጽላችሁ ነበር። ጻፍኩት፣ አጠፋሁት። እናቷ ያለችው ይበቃል።

6.

አዳራሹ ውስጥ ሰብሳቢው አቶ ዳምጠው እየተናገሩ ነበር። "ቁጥሩስ ተስተካከለ፤ እሰየው። ግን ጉድጓዱን ነገ ዘግተን ሕዝቡ ምን ይጠጣ? የኩሬ ውሃ? ያለፈው ክረምት አተት ስንቱን እንደወሰደብን ረሳችሁት?"

እውነታቸውን ነው። ሰውዬው ክፋት የለባቸውም፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

"ስለዚህ ማንአህሎሽ፣ እንደተለመደው አንዲት የመሸጋገሪያ አንቀጽ አስገቢልን። ነባር ጉድጓዶች ለዐሥር ዓመት ባሉበት ይቀጥሉ።"

"ዐሥር?"

"በዐሥር ዓመት የዛሬ ሕፃናት አጥንት አድጎ ይጨርሳል" አሉ ዶክተር ፈለቀች። "ከዚያ በኋላ ፍሎራይዱ ያጣመመው አይቃናም።"

"ቢያጥርስ?" አለች ማንአህሎሽ።

"ቢያጥርማ ቀኑ ሲደርስ ጉድጓዱ ይታሸጋል፤ ሌላ ውሃ ተገኘም አልተገኘም" አሉ አቶ ዳምጠው። ዙሪያውን አዩ። ሁሉም አቀርቅሯል። "እንግዲያው ዓመቱን ባለሙያዋ ትወስን። አገሯ አይደል?"

አጨበጨቡ። አይ ሰው! ሸክሙን አውርደው ጫኑባትና ወደ ምሳ ተነሡ።

7.

ስልኩ ጠራ።

"እትዬ፣ ዘጋሽብኝ እኮ። ማሰሮው እሳት ላይ ነው፤ ልጅቷ ውሃ ጠማኝ ትላለች።"

"እንዳትሰጫት የውቢ፣ በእናትሽ! ያፈላሽው ነው የሚጎዳት።"

ማሰሮው ከእሳት ሲወርድ ተሰማ። "እኔው ነኛ" አለች የውብዳር። "በገዛ እጄ።"

ማንአህሎሽ አለቀሰች። ለተሰብሳቢው ከታደለው የታሸገ ውሃ አንዱ ፊቷ ተቀምጧል፤ ሳይከፈት።

"ውሃ ይዤላት እመጣለሁ። አሁን።"

"እሺ፣ ዛሬን አመጣሽ። ለነገስ?"

8.

እኔ ቁጥሩን አልጽፈውም። ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። እናንተ ጻፉት፤ ግን መክሊት እንደጠማት ነው፣ ቶሎ በሉ።

*ነባር ጉድጓዶች ይህ መመሪያ ከጸናበት ቀን ጀምሮ ለ*

*\_\_\_\_\_\_\_\_\_\_*

*ዓመት ውሃ መስጠታቸውን ይቀጥላሉ።*