አዲስ ፕሮሰሰር ለአሮጌ ማዘርቦርድ

ከዲሮ ተሳስቶ አያውቅም፤ ቢያንስ እሱ እንደሚለው። አሰላ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ከተበላሸ ጥፋቱ የመብራቱ ነው፣ ካልሆነም የኔትወርኩ፣ ካልሆነም የዕቃው። ሚስቱ ፋጡ እዚያው ቤት ማመልከቻና የክስ ጽሑፍ ትተይባለች። በዚህ ጠባዩ አሥራ አምስት ዓመት ስቃበታለች፤ አሁንም አልሰለቻትም።

ሐምሌ ሃያ አራት ቀን ጠዋት ከዲሮን መሬት አልበቃችውም። ለቤቱ ብቸኛ ኮምፒውተር ፈጣን ፕሮሰሰር ከአዲስ አበባ አስመጥቷል። ችግሩ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ማዘርቦርድ አሮጌ ነው፤ ከሱ በኋላ የተሠራ ፕሮሰሰር አያውቅም። ስለዚህ በድሮው ፕሮሰሰር እያሠራ ማሽኑን የሚያስነሣውን ፕሮግራም፣ ባዮሱን፣ በፍላሽ አደሰለት፤ ከዚያ የድሮውን ነቅሎ አዲሱን ገጠመ። ላዩን ሙቀት የሚያስወጣ ቅባት ቀብቶ ማራገቢያውን አሰረበት።

«ቅባቱን ቀነስ አድርገው እንጂ፤ ሙሽራ አስመሰልከው እኮ» አለች ፋጡ ከጀርባው ሆና።

ማሽኑ ተነሣ፤ የአዲሱን ፕሮሰሰር ፍጥነት ግን በግማሽ ቆርጦ አሳየ። ከዲሮ አልደነገጠም። ከቦርዱ ላይ ቅንብሩንና ሰዓቱን የምትይዘውን ክብ ባትሪ አውጥቶ የድሮው ቅንብር እስኪጠፋ ጠበቀና መለሳት። ባዮሱ ውስጥ ገብቶም ሁሉንም እንደ አዲስ ሞላ፦ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት፣ የሚሞሪውን፣ በመጨረሻም ቀንና ሰዓቱን። በድጋሚ ሲያስነሣው ፍጥነቱ ልክ መጣ።

«አየሽ? ወላሂ፣ አዲስ አበባ ሄደው የሚያሠሩት እኔ እዚህ እያለሁ ነው!»

የፋጡ ጓደኛ ሲስተር ሰሎሜ ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ ከዝናቡ የገባችው ይሄኔ ነው። ሰሎሜ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ አሰላ ተመድባ በነርስነት ስትሠራ ሦስት ዓመቷ ነው። ባሏና የአራት ዓመት ልጇ ሌዊ ደብረ ብርሃን ቀርተዋል። ወደዚያ የሚመልሳት የዝውውር ቅጽ በኢንተርኔት የሚሞላው እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የድጋፍ ደብዳቤዋ የተፈረመላት ትናንት ነው። ዛሬ ካመለጣት ሌላ ዓመት መጠበቋ ነው።

«በአምስት ደቂቃ!» አለ ከዲሮ። «ሲስተር፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ገጹ አልከፈት አለ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ እየደጋገመ ይመጣል፤ ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። ከዲሮ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ አራት ከሃያ። የማሽኑን አየ፤ አራት ከሃያ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካላንደር ሐምሌ 24 ቀን 2017 ይላል። ማሽኑም ወር 11፣ ቀን 24፣ ዓመት 2017።

«አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተዛነፈም! ይሄ ፕሮሰሰር ነው የሚቀጥፈው።»

«ምናልባት አንተን ማለቱ ይሆናላ፣ ወደ ኋላ የቀረኸውን» አለች ፋጡ። ሰሎሜ ሳቀች።

ስምንት ሰዓት ላይ ግን ሰሎሜ መሳቅ ትታለች። ከዲሮ ሌላ ድረ ገጽ ቢሞክር ያው ነው። በመጨረሻ አዲሱን ፕሮሰሰር ነቅሎ የድሮውን መለሰ፤ ባትሪዋንም አወጣ፣ አስገባ፤ ቀኑን ከካላንደሩ ጋር እያመሳከረ ከበፊቱ የበለጠ ተጠንቅቆ ሞላው። ማስጠንቀቂያው ንቅንቅ አላለም። ያ ታማኝ የድሮ ፕሮሰሰር ጭምር ከዳው።

«ሌላ ቤት ልሞክር እንዴ?» አለች ሰሎሜ። በስልኳ ሞክራው ነበር፤ ገጹ ፋይሎቹን አልቀበልም ብሏታል።

«እኔ እያለሁ?» አለ ከዲሮ ተቀይሞ።

«ሌላው ቤት ወረፋው መንገድ ድረስ ነው» አለች ፋጡም። «እኛው ጋ ይሻልሻል፣ ቆይ።»

አሥር ሰዓት ሲሆን የሰሎሜ ስልክ ጠራ። ልጁን ቀን ቀን የሚይዙላት እናቷ ነበሩ፤ አቀረቡላት። ሰሎሜ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ሌዊዬ፣ ማን ነኝ?»

«ሲስተር!» አለ ልጁ።

ከሰው ሲሰማ የያዘው ስም ነው። ሰሎሜ ስቃ አወራችው፣ ቻው አለችው፣ ስልኩን ዘጋችና ፊቷን ወደ ዝናቡ አዞረች። ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ከዲሮ የሚገባበት ጠፋው።

ፋጡ ስቴፕለሩን አስቀመጠች።

«ከዲሮ፣ ቀኑን በፈረንጅ አድርገው።»

«ምን አልሽ?»

«ማሽኑ የኛን ሐምሌ ምን ያውቃል? ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስደኸዋል። ወር ሰባት፣ ቀን ሠላሳ አንድ፣ 2025። የኛን አሥር ሰዓትም አሥራ ስድስት በለው።»

ከዲሮ እስከ ዛሬ ጠዋት ባትሪ ነቅሎ አያውቅም ነበርና ቀን ራሱ ሞልቶም አያውቅም። ያ ረቢ እያለ አስተካከለው። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ቅጹ ተሞላ፣ ደብዳቤዎቹ ተያያዙ፤ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ማመልከቻዎ ደርሶናል የሚል ጽሑፍ መጣ። ሰሎሜ የፋጡ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ደረሰኟን ታቅፋ ወደ ተረኛ ሥራዋ ሮጠች።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ከዲሮ አዲሱን ፕሮሰሰር ለመመለስ ማሽኑን ፈታ። ቀኑን ሙሉ ተስቆበታል፤ አሁን የሱ ተራ ነው።

«ይህን ሁሉ የምታውቂ ሰው፣ እስካሁን አንደበትሽን ማን ያዘው?»

ፋጡ አልሳቀችም።

«ጠዋት ስትሞላው ከኋላህ ሆኜ አይቻለሁ። ማመልከቻ ስተይብ ሁለቱንም አቆጣጠር ስጽፍ ነው የምውለው፤ እንዴት ይጠፋኛል?» መቀመጫው ላይ ዝርፍጥ አለች። «እስከ አሥራ አንድ ብቻ ዝም ብል አንድ ዓመት ትቆይልኛለች ብዬ ነው። በዚህ ከተማ ከሷ ሌላ ጓደኛ የለኝም። ልጁ እንደዚያ ባይላት ኖሮ ዝም እል ነበር፣ ከዲሮ። ልጇን እያወቅኩ።»

ከዲሮ ያዘጋጀውን ቀልድ ዋጠው። ባትሪዋ በጣቶቹ መካከል ነበረች።

«ትነግራታለህ?» አለች ፋጡ።

«ምን ብዬ?» አለ። «ቀኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»