የአደራ ቆርቆሮ

«ጨረቃ ላይ መቼ ነው የምትወጪው?» ይሉኛል ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ የሕዋ ፊዚክስ ሰልጣኝ ነኝ ስላቸው። መልስ መስጠት ከተውኩ ቆየሁ። ጨረቃ ቀርቶ አንኮበር መድረስ አቅቶኝ የከረምኩ ሰው ነኝ።

ሥልጠናው በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ለያዙ የተዘጋጀ የምርምር ሥልጠና ነው። ሳተላይት የሚልከው ምልክት ወደ ምድር ሲወርድ በላይኛው አየር ውስጥ ያልፋል። ያ አየር ከፀሐይ የተነሣ ኤሌክትሪክ የሞላበት ስለሆነ ምልክቱን ያዛባዋል፤ የእኛ ሥራ ምን ያህል እንደሚያዛባው መለካት ነው። እያንዳንዱ ሰልጣኝ አንድ ጣቢያ ይሰጠዋል። የክረምቱን ልኬት ሳይቋረጥ ያስረከበ፣ አንዲት ትንሽ ሳተላይት ወደምትሠራበት ቤተ ሙከራ ያልፋል። ያላስረከበ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ያንን ቤተ ሙከራ ከምንም ነገር በላይ እፈልገው ነበር፤ ይህን ሳልሸፋፍን ልናገር።

ጣቢያዬን አንኮበር ያደረግሁት ራሴ ነኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው የአባቴ ደብር ግቢ ከፍ ያለ ነው፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው፤ አጥርም ሰውም አለው። አባቴ ቄስ ወልደተንሣኤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱት እዚያው ነው።

ግንቦት ላይ አንቴናውን ተከልን። ነጭ ነው፤ የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። አባቴ ሳይነኩት ዙሪያውን ዞረው አዩት።

«ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«ከሰማይ የሚመጣ ነገር ይቀበላል፣ አባባ።»

«ከሰማይ?» ፈገግ አሉ። «እኛስ እዚህ ሌላ ምን የምንሠራ መስሎሻል?»

ተጨማሪ ሊጠይቁኝ ፈልገው ነበር። የሥልጠናው አስተባባሪ ዶክተር ቴዎፍሎስ ግን ጉሙ መንገዱን ሳይሸፍነው እንሂድ እያለ መኪናው ውስጥ ይቁነጠነጣል። ለመሣሪያው ኤሌክትሪክ ስለሚሰጠው ሶላር በደንብ ነገርኳቸው፤ አቧራውን ይጥረጉለት፣ ጥላም እንዳያርፍበት አልኩ። አንቴናውን ግን በአንድ ቃል ጨረስኩት።

«አደራ፣ አባባ። ምንም እንዳይነካው። አደራ።»

የቄስ ልጅ ሆኜ ይህ ቃል ምን እንደሚያመጣ ማወቅ ነበረብኝ። በእኛ ቤት የአደራ ዕቃ ከራስ ዕቃ በፊት ይጠበቃል፤ እንደተቀበሉት ሆኖም ይመለሳል። እኔ ቃሉን የጣልኩት «ደህና ይሁኑ» እንደማለት ነው። እሳቸው የተቀበሉት እንደ አደራ ነው።

ክረምቱ ገባ። መንገዱ አንድ ቀን ቢከፈት ሳምንት ይዘጋል፤ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም። ልኬቱ መሣሪያው ውስጥ ባለው ካርድ ላይ ይጠራቀማል ብለን ተውነው። ስልክ አልፎ አልፎ ስለሚሠራ ደወልኩ።

«አባባ፣ ዕቃው እንዴት ነው?»

«አደራሽ ደህና ነው። አንድ ጠብታ አልነካውም።»

ደስ አለኝ። በደወልኩ ቁጥር ይህንኑ ይሉኛል፤ አንድ ጠብታ አልነካውም። የአባቴ አነጋገር ነው ብዬ አለፍኩት። ሌሎቹ ሰልጣኞች ጣቢያቸውን ሌባ ይውሰደው መብረቅ ይምታው ሳያውቁ ሲጨነቁ፣ እኔ ካፌ ቁጭ ብዬ «የእኔ ጠባቂ አባቴ ናቸው» እያልኩ እጎርር ነበር።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲከፈት ከዶክተር ቴዎፍሎስ ጋር ሄድን። ገና ከግቢው በር አየሁት። አንቴናዬ ላይ በጽድ ቋሚዎች የቆመ፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ የቆርቆሮ ጣሪያ ተሠርቶበታል። የዝናቡ ውኃ የሚሄድበት ቦይ እንኳ ተቆፍሮለታል። ውጭ የቀረው ሶላሩ ብቻ ነው፤ ተወልውሎ ያበራል።

አባቴ ፊታቸው በርቶ መጡ። «ሰኔ ላይ በረዶ ወረደ፤ እንዲህ ያለ በረዶ አይቼ አላውቅም። ያንቺ ነጩ ዕቃ ሊሰበር ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ቆርቆሮው ለቤተልሔሙ የመጣ ነበር። ሰበካ ጉባኤውን የአደራ ዕቃ ይቅደም ብላቸው ማንም አልተከራከረኝም።»

ቤተልሔሙን ዞር ብዬ አየሁት። የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ቤት ነው። ጣሪያው ተበሳስቶ በላስቲክ ተሸፍኗል። ዲያቆናቱ ክረምቱን ሙሉ ሊጡን ከማእዘን ወደ ማእዘን እያሸሹ ነው የጋገሩት።

ካርዱን ከፈትነው። እስከ ሰኔ ድረስ ቁጥር አለ፤ ከዚያ በኋላ ባዶ። ቆርቆሮ ሥር ያለ አንቴና ሳተላይት አያይም። ዶክተር ቴዎፍሎስ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ ጣሪያውን ፎቶ ሊያነሣ ተዘጋጀ። አባቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ከጣሪያው ጎን ቆሙለት።

የክረምቱ ልኬት አንዴ አምልጧል ብለን፣ ጣሪያውን ሳናስነሣ፣ ለአባቴም ምን እንደተበላሸ ሳንነግራቸው ተመለስን። መኪናው ውስጥ ዶክተር ቴዎፍሎስ አስረዳኝ። ሪፖርቱ ላይ ጠባቂውን በቅጡ አላስረዳሁም ብዬ ከጻፍኩ ጥፋቱ የሰልጣኟ ነው፤ አለቀልኝ። የአካባቢው ማኅበረሰብ የግንዛቤ እጥረት ነው ካልኩ ግን ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ይባላል፤ ቦታዬም አይነካም።

«ጠባቂው አባቴ ናቸው» አልኩት።

«ስም አይጻፍም እኮ፣ ሮዳስ። ማኅበረሰብ ነው የሚለው።»

ጻፍኩት። የግንዛቤ እጥረት፤ የትኛው ሪፖርት ላይ የለችም? ማኅበረሰብ የሚባል ሰው የለ፣ ማን ይቀየመኛል አልኩ።

ቦታዬ ጸናልኝ። ግን አንድ ነገር ተከተለ። የግንዛቤ እጥረት የታየበት ቦታ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ይሰጠዋል፤ አሠልጣኟም የጣቢያው ሰልጣኝ ትሆናለች ተባለ። እኔ ማለት ነው።

ሥልጠናው የአንኮበር ወረዳ ከተማ በሆነችው ጎረቤላ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ካህናቱ፣ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች፣ ገበሬዎቹ መጡ። አባቴ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጎናቸው ላሉት ለአቶ ዘርአ ዳዊት «የእኔ ናት» ሲሏቸው ሰማሁ፤ ሰውዬው ግን ከተወለድኩ ጀምሮ የሚያውቁኝ ጎረቤታችን ናቸው።

ስላይዱን ያዘጋጀው ዶክተር ቴዎፍሎስ ነው። ጠዋት አይቼዋለሁ። ፎቶውን ማውጣት እችል ነበር፤ እሱ ከኋላ ተቀምጦ የሚገመግመኝ ስለሆነ ተውኩት።

ፎቶው ግድግዳው ላይ ወጣ። አባቴ ከቆርቆሮው ጎን ቀጥ ብለው ቆመዋል። አዳራሹ በደስታ ሞቀ። «የእኛ ደብር!» አለ አንዱ። አባቴ የሚመሰገኑ መስሏቸው አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። ቀጥሎ ከፎቶው ሥር በቀይ የተጻፈው መጣ፤ «መደረግ የሌለበት።» ማንበብ የማይችሉት ጎን ያለውን ሰው ጠየቁ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ብረት ምልክቱን እንደሚከለክል፣ የክረምቱ ልኬት በሙሉ እንደጠፋ፣ ይህም በግንዛቤ እጥረት እንደደረሰ አስረዳሁ። ድምፄ ደህና ነበር።

«ጥያቄ ያለው?» አልኩ።

አባቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ።»

ይፍቀዱልኝ አሉ። አባቴ ተቆጥተውም ሆነ ደስ ብሏቸው ከ«አንቺ» ሌላ ጠርተውኝ አያውቁም።

«ሶላሩን ጥረጉ ብለውን ጠርገናል። ጥላ እንዳያርፍበት ብለውን አላሳረፍንበትም። ነጩን ዕቃ ደግሞ ሰማይ ይይ፣ ክፍት ይሁን ብለውን ነበር? ብለውን ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፤ ሕዝቡን አይውቀሱብኝ።»

አልነገርኳችሁም ማለት ብቻ ነበረብኝ። ከኋላ ዶክተር ቴዎፍሎስ እስክሪብቶውን ይዞ ያየኛል።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩ። «የሚቀጥለው ስላይድ ላይ ይመለሳል።»

አልተመለሰም። ማንም ደግሞ አልጠየቀኝም።

ሲያልቅ ወደ ደብሩ ሄድኩ። አባቴ ቀድመውኝ ደርሰው፣ የክት ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ከዲያቆናቱ ጋር ቆርቆሮውን አውርደው ወደ ቤተልሔሙ እያጋዙ ነው። በሚስማር ተበሳስቷል። ሲያዩኝ ሥራቸውን ትተው መጡ።

«ቤት ይግቡ እንጂ፤ እዚህ ይበርድዎታል።»

«አባባ፣ በእግዚአብሔር፣ አንቺ ይበሉኝ።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ» አሉ፤ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወደ አንቴናው አመለከቱኝ። «ዕቃዎ ይኸው ተከፍቷል። ከእንግዲህ ግን አደራውን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ። እኔ ግንዛቤ ያንሰኛል።»

አሹፈውብኝ ቢሆን በወደድኩ። አላሾፉም። ያልኩትን አምነውኝ ነው።