የተረፈው ኪኒን

በኬንታኪ ተራሮች መሃል ባለችው ትንሿ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑ በዓመት አንድ እሑድ እግር ይተጣጠባሉ፤ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ። በደል ደብቆ እግሩን የሚሰጥ ሰው የለም። የቀረ ደግሞ ምን ቢያደርግ ነው መባሉ አይቀርም። ቨርዲ ሐሜቱን ፈርታ መጣች።

ኦማ ፎጣ ታጥቃ፣ ሳፋ ይዛ በቀጥታ ወደ እሷ መጣች። ልጇን ላንዲስን ከቀበረች ሰባት ወሯ ነው። የሚሠራበት የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ጣሪያ ወገቡ ላይ ተንዶበት ሐኪም ማስታገሻ ጀመረለት፤ እየቆየ ያለ ኪኒኑ መዋል አቃተው። በሠላሳ አንድ ዓመቱ ኪኒኑ በዝቶበት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ትንፋሹ ቆሞ ተገኘ። አገሩ ሁሉ ሐኪሙን ረገመ። ቨርዲም አብራ ረገመች።

ባሏ በካንሰር ሲሞት ግማሽ ብልቃጥ የማስታገሻ ኪኒን ተርፎ ነበር። ላንዲስ አጥሯን ሊጠግንላት መጥቶ ጎንበስ ማለት ሲያቅተው አየችው። እዚያ መንደር የተረፈ ምግብ ለጎረቤት እንደሚሰጥ ሁሉ የተረፈ መድኃኒትም ይሰጣል፤ መጣል ነውር ነው። ከበቆሎ ዳቦ ጋር ጠቅልላ ሰጠችው። ስትሰጠው ደስ ብሏት ነበር። በሳምንቱ ሞተ።

ኦማ ተንበርክካ ጠበቀቻት። «ምነው እህት ቨርዲ፣ ዓመት ሙሉ ውሃ ያልነካው እግር ነው እንዴ? አምጪው እንጂ» አለቻት። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ሳቁ።

ሞቅ ያለው ውሃ ውስጥ የኦማ ጣቶች ተረከዟን ሲነኳት ቨርዲ ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻለችም።

«ኦማ፣ በዚያ ሳምንት የባሌን ኪኒን ለላንዲስ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

የኦማ እጆች ቆሙ። ቨርዲ ውሃውን ፊቷ ላይ እንድትደፋባት ጠበቀች፤ ብትደፋባት በወደደች።

«አውቃለሁ» አለች ኦማ ቀና ሳትል። «የባልሽ ስም ያለበትን ብልቃጥ አግኝቼዋለሁ። ያንቺው ሲያልቅበት የእህቴን ኪኒን ለምኜ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ሐኪሙን ስትረግሙም አብሬያችሁ ረገምኩ።»

እግሯን ቀስ ብላ አደረቀችላት። አሁን የማጠቡ ተራ የቨርዲ ነበር፤ ከወንበሯ ወርዳ ፎጣውን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። ኦማ ግን የራሷን እግር ሳትሰጥ፣ ፎጣውን እንደታጠቀች፣ ሴቶቹ እያዩዋት፣ ሳፋውን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።