መቀመጫዬን ያመኛል

ወገቤን ነው ያልኩት። ውሸቴን ነው፤ ያመመኝ ወገቤ አይደለም። ግን ሰው በተሰለፈበት፣ ልጄ ሊሆን ለሚችል የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ መቀመጫዬን ያመኛል የምለው ምን ቆርጦኝ ነው?

እሱም አመነኝ። የሚታሽ ቅባት ሰጠኝና "እማማ፣ ብዙ አይቁሙ፤ አረፍ ይበሉ" አለኝ። እኔን ደግሞ የሚገድለኝ አረፍ ማለቱ ነው። ቅባቱም የሚያሽ እጅ ይፈልጋል። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልወለድንም። የራሴ እጅ እስከ ጎኔ ይደርስና ይቆማል። ሳልከፍተው መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።

የወደቅኩት የቤቴ ደረጃ ላይ ነው። እርጥብ ነበር፤ እግሬ ከዳኝና በዚያው በማልጠራው በኩል ዘጭ አልኩ። መጀመሪያ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ሰው አየኝ ወይ ብዬ ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም የለም። ተመስገን አልኩ። ቤት ገብቼ ነው፣ እዚያው ብቀርስ ማን ያነሳኝ ነበር ብዬ ያለቀስኩት።

ሥራዬ አንድ ስፌት ቤት ውስጥ ልብስ መስፋት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት፣ አንድ መኪና ላይ፣ መስኮቱ ሥር። ከወደቅኩ ወዲህ ግን ተቀምጬ አንድ እጅጌ ሳልጨርስ ከታች ይወጋኛል፤ ስነሳማ ይብሳል። ስለዚህ ቆሜ ቁልፍ እተክላለሁ። ጨርቅ ቆራጯ፣ እንደ ዘበኛ ቆሜ ስለምውል "ዘቧ" የሚል ስም አወጣችልኝ። ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። አለቃችን ግን አልሳቀም። "እትዬ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተቀመጡ መኪናውን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው" አለኝ። ደሞዙን ተዉት። ከዚያ ቤት ከወጣሁ፣ በዚህ ምድር ላይ "እንዴት አደሩ" የሚለኝ አንድ ሰው የለም። የፈራሁት እሱን ነው።

ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙም ልጅ እግር፣ ያለ ዕድሌ ደግሞ ወንድ። እንደለመድኩት "ወገቤን" አልኩ። ወገቤን ጫን ጫን እያደረገ "እዚህ ያምዎታል? እዚህስ?" ይለኛል። የትም አላመመኝም። ግራ ገባውና ብዕሩን አስቀመጠ።

"ለመሆኑ መቀመጫዎ እንዴት ነው? ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ?"

ደሜ ፈላ። "አንተ ልጅ፣ እናት የለህም? በዚህ ዕድሜዬ መቀመጫዬ ለስላሳ ነው ወይ ትለኛለህ?"

"ኧረ እማማ፣ ወንበርዎን ነው ያልኩት" አለ፣ ላብ ላብ እያለው።

ከዚያ ሳቄ መጣ። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ያመመኝ ወገቤ ሳይሆን ያኛው ነው" አልኩት።

የጭራ አጥንት ነው አለኝ፤ ከጀርባ አጥንት መጨረሻ ላይ ያለች ትንሽ አጥንት፣ ስወድቅ ተመትታ ነው። ብዙ ጊዜ በሳምንታት፣ ሲከፋም በወራት ትድናለች። ከኋላው የተቆረጠ ትራስ ላይ መቀመጥ፣ አጥንቷ ምንም እንዳይነካት። ሲነሱ መጀመሪያ ወደ ፊት ዘንበል ማለት። በየግማሽ ሰዓቱ መንቀሳቀስ። ለሕመሙ ኪኒን።

"ትራሱን የሚሰፋልዎ ሰው አለ?"

"ይሄን እንኳ ለኔ ተወው" አልኩት።

"ቤትስ ምን ላይ ነው የሚቀመጡት?"

"የባሌ ወንበር ላይ። እንጨት ነው፣ ወደ ኋላ ያጋድላል።"

"እሱንማ ይተዉት። ወደ ኋላ ሲጋደሙ ክብደትዎ በሙሉ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ትራስም አያድንዎትም።"

እሺ አልኩ እንጂ አልተውኩትም። ቤቴ ውስጥ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት አሉ፤ የሱና የኔ። የኔ ላይ ከተቀመጥኩ የሱ ባዶው ያፈጥብኛል። ስለዚህ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ የሱ ላይ ነኝ። ባዶ የሚታየኝ የኔው ይሁን፤ እኔ ብጎድል ማን ይጎዳል?

ትራሱን ሰፋሁ። ቀን ሥራ ላይ ሻል ይለኛል፤ ማታ የባሌ ወንበር ላይ አመሻለሁ፤ ጠዋት ሕመሙ እንደ አዲስ ይጀምራል። የወሩ መጨረሻ አንድ ሳምንት ሲቀረው አለቃችን አንዲት ልጅ አምጥቶ መኪናዬን አሳያት። ልጅቷም አፍራ አንገቷን ደፋች።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ትራሴን የኔ ወንበር ላይ አደረግኩና ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ማንም የለም። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔው ሞልቼበት ነው እንጂ፣ እሱ ከሄደ ጀምሮ ወንበሩ ባዶ ነበር። እንደ መርዶው ቀን አለቀስኩ። በማግስቱም እዚያው ተቀመጥኩ፤ በሦስተኛውም ቀን።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ጠዋት፣ መስኮቱ ሥር ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ ጨረስኩና ወደ ፊት ዘንበል ብዬ ተነሳሁ። አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።

"እንዴት አደሩ እትዬ፣ ዳኑ?"

"ድኛለሁ" አልኩት። አጥንቷን ማለቴ ነው።