የእናቴ ሳህን

እኔ በማበስልበት ቪላ የሚያርፍ እንግዳ ኪሱን መንካት የለበትም። ቁርሱ፣ እራቱ፣ መጠጡ፣ ዋናው፣ የእኔ ፈገግታ ሳይቀር አስቀድሞ ተከፍሎበታል። ስለዚህ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሜ ያንኑ እደግማለሁ፦ «እዚህ ቤት ያገኙት ምግብ ሁሉ የእርስዎ ነው፤ ሳይጠይቁ ይብሉ።» ጉድ የሠራኝ ይኸው አፌ ነው።

ሚስተር ፔምብሪ ብቻውን የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ያቀረብኩለትን በሹካ ነካ ነካ ያደርግና «አመሰግናለሁ ዩላሊ» ብሎ መጽሐፉን ይዞ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳል። ምግቤን ነካክቶ የሚተው ሰው ደሜን ያፈላዋል።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ኮስኔል በገዛ እጁ የሠራውን ጀልባ ባሕር ሊያወርድ ተዘጋጀ። እኛ ካሪያኩ ደሴት ውስጥ ለሞቱት ወላጆች ሳህን ሳይቀርብ ጀልባ ውሃ አይነካም። በዚያ ላይ እናታችን በሕልሙ መጥታ «እኔን ሳታበላ ወዴት ነው?» ብላዋለች። ቪላው የተሠራው የድሮ ቤቷ በነበረበት ቦታ ነውና ሳህኗም እዚያው መቀመጥ ነበረበት።

እናቴ ኦርታንስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከመብላት ይልቅ ማብላት የሚቀናት ሴት ነበረች። መጀመሪያ የሩም አረቄዋን ጭልጥ ታደርጋለች፤ ከዚያ ሳህኗን ለመጣው ሰው ትገፋለች።

በዋዜማው ማታ የፍየል ሥጋ፣ የጢስ ዓሣና የበቆሎ ገንፎ ሠርቼ፣ አንድ ብርጭቆ ሩም ሞልቼ፣ በኋለኛው ክፍል ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩላት። በሩን አልቆለፍኩም፤ በእናት ላይ በር ይቆለፋል እንዴ? ሙታን እስኪጠግቡ ማንም ዝር አይልም፤ ጠዋት የተረፈውን የሚበሉት የቤቱ ልጆች ናቸው።

ጎሕ ሲቀድ ከአጎቴ ከዜፍሪን ጋር ገባሁ። ሚስተር ፔምብሪ ጠረጴዛው ላይ ተሰይሟል። አጥንቱ ተግጦ፣ ብርጭቆው ባዶ።

«ደህና አደርሽ ዩላሊ» አለ አፉን እየጠረገ። «ዛሬ ገና የሚበላ ነገር ሠራሽ!»

«አንተ ሰውዬ! የእናቴን እራት በላህ!»

«ውይ! እናትሽ ልትመጣ ነበር እንዴ?»

«ሞታለች!»

ፊቱ እንደ ጨርቁ ነጣ። «ያገኘኸው ሁሉ ያንተ ነው ብለሽኝ እኮ ነው…»

አጎቴ ግድግዳ ተደግፎ በሳቅ ፈረሰ።

«ምኑ ነው የሚያስቅህ? እናቴ ጦሟን አድራ ኮስኔል ጀልባውን የሚያወርድ ይመስልሃል?»

«ጠዋት ሳህኑን የሚበላው ማን ነው?» አለኝ።

«የቤቱ ልጅ።»

«በቃ፣ ልጅ ሆኗል! ልጅ ከሆነ ደግሞ ከእኛ ጋር የጀልባዋን ገመድ ይጎትታል።»

«እሷ ሳትቀምሰው በልቶት ከሆነስ?»

አጎቴ ሳቁን አቆመ። «እሱን የምታውቀው እሷ ናት።»

ባሕሩ ዳርቻ ወርደን ለኮስኔል እውነቱን ነገርነው። አገሩ ተሰብስቧል፣ ከበሮው ይመታል፣ ፍየሉ ታርዷል፤ እንዴት ይመለስ? «እሺ» አለ፤ ፊቱ ግን ጠቆረ። እናቱን አስርቦ ባሕር መውጣት ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ጥፋቱ ደግሞ የአፌ ነው።

ሚስተር ፔምብሪ ነጭ ሱሪውን ጠቅልሎ ከፊት ተሰለፈ። ጣቱን እንዳያነሣ የከፈለ ሰው መዳፉ እስኪላጥ ጎተተ። ሁለቴ በአፍንጫው አሸዋ ላይ ተተከለ። ሕዝቡ «ጎትት፣ የኦርታንስ ልጅ!» እያለ ሲያላግጥበት ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በእናቴ ስም የተጠራችው ጀልባም ተንሸራታ ውሃው ላይ ቆመች። ሁሉም እልል ሲል ኮስኔል ብቻ ቀዝቅዞ ቀረ።

አጎቴ ጠርሙስ አነሣ። «እንካ ልጄ፣ አንዴ ተጎንጭ!»

«ይቅርታ፣ እኔ አልጠጣም» አለ ሚስተር ፔምብሪ። «በሕይወቴ ቀምሼው አላውቅም።»

ክንዱን ያዝኩት። «ሳህኑ አጠገብ የነበረውንስ ሩም?»

«ብርጭቆውን ነው? እኔ ስገባ ባዶ ነበር። ውሃ ልቀዳበት ብዬ መጠጥ መጠጥ ሲሸተኝ ተውኩት።»

ኮስኔል ወደ እኔ ዞረ።

«ጠጥታለች» አለ። «ጠጥታ ሳህኑን ገፋችለት!»

ከነልብሱ ወደ ውሃው ዘሎ ጀልባዋን አቀፈ። እኔም አሸዋው ላይ ዘርፈጥ ብዬ እየሳቅሁ አለቀስኩ።