ግድግዳው የሚመልሰው

ጎረቤቷ ሻይዋን ጨርሳ «እግዜር ያጽናሽ» ብላ ስትነሳ ነው እናትየው ወንበሩን ያየችው። ግራጫ ወንበር፤ የክንድ ማሳረፊያው ጨርቅ የሳሳ፤ እግሮቹ ላይ ነጭ ፕላስተር የተጠመጠመበት። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ሰው ሲቀመጥበትና ሲነሳበት፣ ሕፃናት ሲዘሉበት ሰንብቷል። እሷም ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስታለቅስ ሰንብታ አላየችውም።

«ይሄን ማን አወጣው?» አለች።

«የቱን?» አለች ታላቅ እህቷ ብርጭቆ እየሰበሰበች።

«ወንበሩን። የልጄን።»

«እኔ ነኝ። ሰዉ መቀመጫ ሲያጣ መሬት ላስቀምጠው?»

ልጇ ግን ይህን ወንበር በጣት እንኳ ማስነካት አይወድም ነበር። ወለሉ ላይ የለጠፋቸው ነጭ ምልክቶችና የወንበሩ እግሮች ካልገጠሙ የክፍሉ ድምጽ ሁሉ ይበላሽበታል። «እማ፣ አንድ ስንዝር ከገፋሽው ልፋቴን ውኃ በላው ማለት ነው» ይላት ነበር። እሷም ዙሪያውን ብቻ ጠርጋ ትወጣለች።

ለካ ለዚህ ነው፣ አለች በልቧ። ቦታውን ነስተውት ነው የሚተነፍሰው።

ስለ ትንፋሹ ለእህቷ ብቻ ነበር የነገረቻት። ለቀስተኛው ተበትኖ ጋደም ስትል፣ ከራስጌዋ ግድግዳ ወዲያ፣ ከልጇ ክፍል፣ አንድ ሰው ይተነፍሳል። ዝቅ ያለ፣ ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ ትንፋሽ። ስታለቅስ ያለቅሳል። ዝም ስትል ዝም ይላል። ተነስታ በሩን ስትከፍት ማንም የለም፤ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብቻ እንደ ድመት ዓይን ታፈጥባታለች።

እህቷ ይህን ሰምታ አልተቆጣቻትም። ያስፈራትም ይኸው ነበር፤ እህቷ ያልተቆጣች ቀን ነገር አለ ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ለባሏ ስታንሾካሹክ ሰማቻት።

«ሐዘን ነው ብዬ እንዳልተዋት ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀምራለች። ነገ ወደ ቤታችን እንውሰዳት። አንተ ደግሞ ያን ክፍል አራግፈው፤ ሽቦ የለ፣ ሣጥን የለ፣ ሁሉንም።»

«እሺ ብላ ትሄዳለች ብለሽ ነው?»

«ተሸክሜም ቢሆን።»

ባልየው በጥርሱ ቡሽ የሚነቅል ሰው ነው፤ ሲያራግፍ እንዴት እንደሚያራግፍ ታውቃለች። ግን የጨነቃት እሱ አልነበረም። እሷ ከሄደች፣ ክፍሉም ከተራገፈ፣ እዚያ የሚተነፍሰው ከማን ጋር ይቀራል? በሕይወቱ አንድም ቀን ብቻውን አላሳደረችው።

ልጇ በአንድ መድን ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ከሥራ መልስና እሑድ እሑድ ግን ሌላ ሰው ነው። የኋለኛውን ክፍል ሲኒማ ቤት አደረገው። ፕሮጀክተሩን ጣሪያ ላይ ሰቀለ፤ የስፒከሮቹን ሣጥን ራሱ ከእንጨት ሠራ፤ ግድግዳውን ጥጥ የታጨቀበት ጨርቅ አለበሰው። እንደሱ ያሉ ሌሎችም ነበሩ። ማንም ሳያስተምራቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ አንዱ ያንዱን ቤት ሲያስተካክሉ ይውላሉ፤ በር ላይ ቆመው ስለ አንድ ገመድ እስከ ምሳ ሰዓት ይከራከራሉ። እሱን «ጆሮ» ነበር የሚሉት።

አንድ እሑድ ከገበያ ስትመለስ በአራት እግሩ መሬት ላይ ሲድህ አገኘችው። ወፍራሙን ድምጽ የሚያወጣው ትልቁ የቤዝ ሣጥን ወንበሩ ላይ እንደ ክቡር እንግዳ ተቀምጦ ያጉረመርማል፤ ልጇ ጆሮውን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። የያዘችው ቲማቲም ከእጇ ወደቀ። ሮጣ አንድ ጆግ ውኃ አምጥታ አናቱ ላይ ቸለሰችበት።

«እማ፣ ምን ነካሽ?» አለ ከአገጩ ውኃ እየተንጠባጠበ።

«አንተን ምን ነካህ? ምን ጣለህ?»

«ቦታ እየፈለግኩ ነው። ቤዝ የትም ቢቀመጥ አንድ አይደለም። እሱን እኔ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እኔ እሱ የሚቀመጥበትን በዳዴ እፈልጋለሁ። ለኔ ጥሩ የተሰማኝ ቦታ የሱ ቦታ ነው።»

«ቆሞ መፈለግ አይቻልም?»

«ሣጥኑ ቆሞ አይሄድማ፤ መሬት ነው የሚቀመጠው።»

ጆጉን አስቀመጠች። ከዚያ እሱ ሲለምናት፣ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኑ ተንበረከከች። እየዳሁ ሄዱ። በር አጠገብ ድምጹ ድፍን ብሎ ጆሮዋን ዘጋት። መስኮቱ ስር ሳስቶ ጠፋ። የሷ መኝታ ቤት ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ግን ድንገት ሙሉ ሆነ፤ መሬቱ ራሱ በቀስታ የሚዘምር መሰለ።

«እዚህ ነው» አለች እሷ፣ ከሱ ቀድማ።

ቀና ብሎ አያት። «እማ፣ ጆሮሽ እኮ ከኔ ይበልጣል።»

ጆሮዋስ ምን ይደንቃል። ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ነገር ሲመጣ ኮቴውን ስታዳምጥ የኖረች ሴት ነች። ከየሽቦው እሳት፣ ከየመሰላሉ ውድቀት ይታያታል። ክፉን ቀድመው ካሰቡት አፍሮ ይመለሳል ብላ ታምናለች፤ ስለዚህ ሁሉንም ታስባለች፣ አንዱንም አታስቀርም። ልጇ የሞተው ግን ቢሮ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ክንዱን ተንተርሶ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ እንቅልፍ የጣለው መስሏቸው ድምጻቸውን ቀንሰው ሲያወሩ ነበር። ልብ ነው አሉ። ከፈራችው ሁሉ ውስጥ ልብ አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ ስለ ልቡ ፈርቼለት ቢሆን ኖሮ፣ እያለች ታብሰለስላለች።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ጓደኞቹ መጡ። አንዱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መርዶውን የሰማው ሩቅ መንገድ ላይ ሆኖ ነበርና ቀብር አልደረሰም። ሌላዋ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ የክፍሉን የግድግዳ ጨርቅ የሰፋችው እሷ ነች። ሳሎኑ ሰው ሞልቶ ጸጥ ብሎ ነበር። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ገባ። መሀል ላይ ቆመ፣ ወደ ጣሪያው ቀና አለ፣ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ አጨበጨበ።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ወንድሜ፣ ሰርግ ቤቱ ወዲያኛው መንገድ ላይ ነው» አለች አንዲት ዘመድ።

ሹፌሩን ላብ አጠመቀው። እጆቹን ሰርቆ የያዛቸው ይመስል ኪሱ ከተታቸው። «ይቅርታ ማዘር። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ክፍል ስንገባ አንዴ እናጨበጭባለን፤ ግድግዳው ምን እንደሚመልስ ለመስማት።»

«ለቅሶ ቤትም?» አለች እህቷ።

«የአባቴ ቀብር ጸሎት ላይም አጨብጭቤ አስወጥተውኛል» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አንድ ሁለት ሰው አፉን በእጁ ሸፈነ። እናትየው ግን አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ልጇም እንዲሁ ነበር፤ እሷ ሐኪም ቤት የተኛች ጊዜ ሊጠይቃት ገብቶ አጨብጭቦ ከነርሷ ጋር ተጣልቷል። እስካሁን የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «ጨዋ ልጅ፣ አንገቱን ደፊ» ይላታል። ያ የማንም ልጅ ነው። ያቺ ጭብጨባ ግን የሷ ልጅ ነበረች።

ተነስታ ሹፌሩን በእጅጌው ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወሰደችው። መጋረጃ ሰፊዋም ተከተለች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ግድግዳ ሲተነፍስ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ እባክሽ እንግዳ ፊት» አለች እህቷ ከኋላ ደርሳ።

ሹፌሩ ግን ጆሮውን ጠጋ አደረገ። «ምን ዓይነት ትንፋሽ? ቀጭን ነው ወፍራም?»

«ወፍራም።»

«ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ?»

«ስተኛ ብቻ። ከራስጌዬ በኩል።»

«የቤዙ ሣጥን ያለበት ነዋ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ ለሹፌሩ።

እናትየው ተራ በተራ እያየቻቸው ቆመች። «አይዞሽ» ያላላት፣ «ትረሺዋለሽ» ያላላት ሰው ሲያጋጥማት የመጀመሪያዋ ነበር። ግድግዳውን ደገፍ አለች።

ክፍሉ ውስጥ ገቡ። ሹፌሩ መዳፉን አረንጓዴዋ መብራት ያለችበት አምፕሊፋየር ላይ አሳረፈ። «ትኩስ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በርቷል።» ጸጥ ብለው አዳመጡ። ምንም የለም። መጋረጃ ሰፊዋ ባዶውን ወለል፣ ወንበር የሌላቸውን ነጭ ምልክቶች አየች።

«ማይኩስ?» አለች። «ክፍሉን የሚለካበት። ቀጭን ዘንግ ላይ፣ ጫፉ እርሳስ የሚያክል። ወንበሩ ላይ ነበር የሚያቆመው።»

እህቷ አፏን ያዘች። «እኔ የመብራት ማቆሚያ መስሎኝ... ወንበሩን ሳወጣ መኝታ ቤቷ አስገባሁት።»

መጋረጃ ሰፊዋ ተንበርክካ አንድ ጥቁር ገመድ በጣቷ ተከተለች። ገመዱ በበሩ ስር ወጣ፤ ኮሪደሩን ጥጉን ይዞ ሄደ፤ መኝታ ቤት ገብቶ ከአልጋው ራስጌ ወደቆመው ዘንግ ወጣ። አንድ ሰው ጥቁር ሻርፕ ሰቅሎበታል።

«በቃ፣ ይሄው ነው» አለ ሹፌሩ፣ ሥራው እንደተሳካለት ሰው ፈጠን ብሎ። «የዚያን ቀን ጠዋት ሲሞክር ሳያጠፋው ወጥቷል። ማይኩ የሚሰማውን ሣጥኑ ያወራዋል። እዚህ ተኝተው ሲተነፍሱ...» ለማን እየተናገረ እንደሆነ ገባውና አቋረጠ።

እናትየው ሻርፑን አንስታ አጣጥፋ ትራሱ ላይ አኖረችው። «በሩን ዝጉና አንድ ጊዜ ተዉኝ።»

ጋደም አለች። መጣ። ከግድግዳው ወዲያ፣ ዝቅ ያለው፣ የደረት ትንፋሽ። ትንፋሿን ያዘች፤ ያዘ። ለቀቀችው፤ ለቀቀው። ተስፋዋ ግን እንደሷ ግትር ነው፤ አንድ የመጨረሻ ዕድል ልትሰጠው ፈለገች።

«ልጄ» አለች።

«ልጄ» አለ ግድግዳው፣ በሷው ድምጽ፣ ወፍሮና ትንሽ ዘግይቶ።

ስታስበው ከኖረችው ክፉ ነገር ሁሉ ይህን አላሰበችውም። ልጇ ቦታ አጥቶ የሚንገላታ ቢሆን እንኳ እዚያ ነበር። ዳቦ ቆርሳ፣ ብርድ ልብስ ይዛ በሩ ላይ ትቆምለት ነበር። አሁን እዚያ ያለችው እሷው ነች።

ስትወጣ እህቷ አቅፋት «ተመስገን፣ ተመስገን፣ ጤነኛ ነሽ» እያለች አለቀሰች። እሷ አላለቀሰችም።

«ላጥፋው ማዘር?» አለ ሹፌሩ።

«እኔ ላጥፋው። አሳየኝ።»

«ይቺን ቁልፍ ቀስ አድርገው ወደ ግራ ያዙሯት። ድንገት ከጠፋ ስፒከሩ ይደነግጣል።»

ወደ ግራ አዞረች፤ ሕፃን አስተኝታ እጇን ከስሩ እንደምታወጣ ያህል በቀስታ። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች።

«ነገ ወደ እህቴ እሄዳለሁ» አለች። «ክፍሉን እናንተ አውርዱት፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የእህቴ ባል ከነካው በመጥረቢያ ነው።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?» አለ ባልየው ከሳሎን።

መጋረጃ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፊቷን ወደ ጨርቁ ግድግዳ አዙራ የራሷን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች። እናትየው አየቻት።

ሲመሽ ሰዉ ሄደ። እህቷ የውጭውን በር ልትቆልፍ ስትነሳ «ተይው፣ እኔ» አለቻት።

ልጇ ሥራ ከያዘ ወዲህ ይህን በር የምትቆልፍበት አንድ መንገድ ነበራት። ቆልፋ ቁልፉን ትነቅልና ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ከውስጥ ከተረሳ የሱ ቁልፍ ከውጭ አይገባም፤ እሱም ቆሞ ያድራል። በሐዘኑም ምሽቶች እንዲሁ ነቅላ ስትሰቅል ሰንብታለች፤ ማንም ልብ አላላትም።

ቁልፉን አስገባች። ውጭ አንድ ሰው አለፈ፤ ኮቴው እስኪርቅ ጠበቀች። አዞረችው። ደገመችው። ጣቶቿ እንደልማዳቸው ሊነቅሉት ጀመሩ። ከዚያ ለቀቀችው፤ እንደተሰካ ትታው መብራቱን አጠፋች።